ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሚሸጥ ምግብ

ባለፈው ሁዳዴ ከኮሌጃችን ብዙ በማይርቅ አንድ የበርገር ቤት በር ላይ «የጾም በርገር፤ እስከ ፋሲካ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እኛ ሦስት ተማሪዎች ወረቀቱን አይተን ገባን፤ ከምስር ተጠፍጥፎ በዘይት የተጠበሰውን ነገር በዳቦ መካከል በላን፤ ሒሳባችንን ከፍለንም ወጣን። ያየነውን ሁሉ በደብተር የመያዝ ልማድ ስላለን በዚያው ማታ «መካከለኛ ነው፤ ቅመም ያንሰዋል፤ ዳቦው ይበዛል» ብለን ጻፍን። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሆሣዕና ዋዜማ፣ ወደዚያው ቤት ብንመለስ «አልቋል» ተባልን። በዚህ ጊዜ እጅግ ቅር አለንና የዚያው ቤት ሌላ ቅርንጫፍ ወደሚገኝበት ወደ ቦሌ በታክሲ ሄድን። እዚያም አልቆ ነበር። ወደ መኝታ ቤታችን ተመልሰን ደብተራችንን ብንገልጥ «መካከለኛ ነው» የሚለውን የገዛ እጃችንን ጽሕፈት አገኘን። መካከለኛ ያልነውን ምግብ ለመፈለግ ከተማውን ያቋረጥነው ለምንድን ነው? ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ጥያቄ ነው።

ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ምግብ ዛሬ በብዙ አገር የታወቀ ንግድ ቢሆንም ልማዱ በሰፊው ያደገው በአሜሪካን አገር ፋስት ፉድ በሚባሉት ምግብ ቤቶች ዘንድ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከምንጩ ለመመልከት ስንል ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የወሰድነው ማክዶናልድስ ከተባለው ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በኢትዮጵያ ቅርንጫፍ የለውም፤ ሆኖም ታሪኩ፣ አንባቢዎች ወደ ፊት እንደሚያዩት፣ ከጾም ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መገንዘብ ያስፈልጋል። ፋስት ፉድ የተመሠረተው ምግብን በማብዛት ሳይሆን በማሳነስ ነው። ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ የተባሉት ወንድማማቾች በካሊፎርኒያ፣ በሳን በርናርዲኖ ከተማ የነበራቸውን ምግብ ቤት በ1948 ዘግተው እንደገና በከፈቱ ጊዜ የምግቡን ዝርዝር ወደ ዘጠኝ ዓይነት አወረዱት። ሐምበርገሩ 15 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። አስተናጋጅ የለም፤ ሳሕንና ሹካ የለም፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ አንዱ ሥጋውን ያገላብጣል፣ አንዱ ዳቦውን ያዘጋጃል፣ አንዱ ይጠቀልላል። ፍጥነቱና ርካሽነቱ የተገኘው ከዚህ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ወጥ ቤት ውስጥ አሥረኛ ምግብ መጨመር ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ምግብ አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ መጠቅለያ፣ አዲስ የሥራ ተራ ይጠይቃል፤ ተራው ሲሰናከል ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል። በሌላ ወገን ሰው ዘወትር አንድ ዓይነት ሲበላ ይሰለቻል። ይህንን የሰልቺነትና የጥበት ችግር ለማስታረቅ የተገኘው ዘዴ ምግቡን አምጥቶ፣ ሸጦ፣ መልሶ ማንሣት ነው። መጥበሻው ሳይበዛ ዝርዝሩ አዲስ ይመስላል።

ሬይ ክሮክ የተባሉት ነጋዴ በ1955 በኢሊኖይ ክፍለ አገር የራሳቸውን ማክዶናልድስ ከከፈቱ በኋላ በ1961 ከወንድማማቾቹ መላውን ንግድ በ2.7 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ሚስተር ክሮክ የሥራው አንድ ዓይነትነት እንዳይፈርስ አጥብቀው የሚጠባበቁ ሰው ነበሩ። በስሙ ለመነገድ ፈቃድ የገዙት ባለ ቅርንጫፎች ግን እያንዳንዳቸው በየሰፈራቸው የሚያዩት ችግር ነበራቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ሚስተር ሉ ግሮን ይባሉ ነበር።

የሚስተር ግሮን ቅርንጫፍ የተከፈተው በ1959 በኦሃዮ፣ በሲንሲናቲ ከተማ፣ ሞንፎርት ሃይትስ በሚባለው ሰፈር ነው። የሰፈሩ ሕዝብ አብዛኛው ካቶሊክ ነበረ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካን አገር ካቶሊኮች በዐቢይ ጾም ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ በሚውለው ዓርብ ሁሉ ከሥጋ ይከለከሉ ስለነበረ ሐምበርገር ብቻ የሚሸጥ ሰው ዓርብ ዓርብ በሩን ከፍቶ ከመቀመጥ በቀር ሥራ አልነበረውም። ሚስተር ግሮን ራሳቸው ኋላ እንደተናገሩት በዓርብ ቀን የሚያገኙት ሽያጭ 75 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። በአቅራቢያው ያለ ሌላ ምግብ ቤት ግን የዓሣ ሣንድዊች ስለሚሸጥ ደንበኞቹ ወደዚያ ይጐርፉ ነበር። ስለዚህ ሚስተር ግሮን ዓሣ በሊጥ ነክረው ጠብሰው በዳቦ መካከል አድርገው ወደ ኩባንያው አለቆች ይዘው ሄዱ።

ሚስተር ክሮክ ነገሩን አልወደዱትም። ምግብ ቤቶቻቸው ዓሣ ዓሣ እንዳይሸቱ ሠጉ። ከዚህም በላይ ለዓርብ የሚሆን የራሳቸው ፈጠራ ነበራቸው፤ እርሱም ሁላበርገር ይባላል፤ በሥጋው ፋንታ የተጠበሰ አናናስ ገብቶበት አይብ የተደረገበት ዳቦ ነው። እንግዲህ ውርርድ ተደረገ። በ1962 በስቅለት ዓርብ ሁለቱም ምግቦች ለሽያጭ ይቅረቡ፣ ብዙ የተሸጠው በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ ተባለ። በዚያን ቀን የዓሣው ሣንድዊች 350 ሲሸጥ አናናሱ የተሸጠው 6 ብቻ ነው ይባላል። (ስድስቱን የገዙት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ብንችል ደስ ባለን ነበር።) የዓሣው ሣንድዊች ፊሌ ኦ ፊሽ ተብሎ በ1965 በመላው አሜሪካ ተሸጠ፤ በአገር አቀፍ ዝርዝር ላይ ከመጀመሪያዎቹ ምግቦች በኋላ የተጨመረ የመጀመሪያው ምግብም እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም እንወዳለን፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ነጋዴ ብልኅነት ሆኖ ሳለ እኛ የምናየው ሌላ ነገር ነው። በሞንፎርት ሃይትስ ጊዜውን የወሰነው ነጋዴው አይደለም። ዓርብ የተቀጠረው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሕዝቡ ጠበቀው፤ ነጋዴው ተከተለ። በሚሊዮን የሚቈጠር ብር ያለው ኩባንያ አናናስ ብሉ ቢል፣ ጾመኛው አልበላም አለ፤ ኩባንያውም ዓሣ አቀረበ።

ከዚህም የሚያስደንቀው የተከተለው ነው። ሣንድዊቹ በመላው አገር በተሸጠ በዓመቱ፣ በየካቲት 1966 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ የጾምን ሥርዓት የሚያሻሽል ደብዳቤ አወጡ፤ በኅዳርም የአሜሪካን አገር ጳጳሳት ከዐቢይ ጾም ውጪ ባለው ዓርብ ከሥጋ የመከልከልን ግዴታ አነሡ። ለዓርብ የተሠራው ምግብ ዓርብ ሲቀርበት አልጠፋም፤ ዓመቱን ሁሉ የሚሸጥ ሆኖ ቀረ። እንዲያም ሆኖ መሠረቱ አልለቀቀውም፤ ኩባንያው እንደገለጸው ከዓመቱ የፊሌ ኦ ፊሽ ሽያጭ ሩብ ያህሉ የሚሆነው በዐቢይ ጾም ወራት ነው። ሌሎቹም ኩባንያዎች፣ እንደ ዌንዲስና እንደ አርቢስ ያሉት፣ የዓሣ ሣንድዊች በዚሁ ወራት ለጥቂት ጊዜ ያወጣሉ።

ይህ የዓሣ ሣንድዊች ለእኛ የጾም ምግብ ይሆናልን? ከእኛ አንደኛው በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆኖ ስለተማረ ይህንን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። በትምህርት ቤቱ ዓርብ ዓርብ ሥጋ አይቀርብም ነበር፤ ነገር ግን እንቁላልና ወተት ይቀርባል። መነኮሳቱ በንጹሕ ልብ የጾም ምሳ አቅርበናል ይላሉ፤ ከአንድ ገበታ የተቀመጡት የኦርቶዶክስ ልጆች ደግሞ ዳቦውን በሻይ በልተው ይነሣሉ። ሁለት ጾም በአንድ ገበታ ላይ ማለት ይህ ነው። አንድ ቀን አንዲት ሽማግሌ መነኵሲት እንቁላሉ ሳይነካ ሲመለስ አይተው ልጆቹ የታመሙ መስሏቸው እንደደነገጡ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ለእነዚያ ልጆች ምስር ይቀቀል ጀመር።

በሜሪላንድ የምትኖር የአንደኛችን ታላቅ እኅት በደረሰችበት አገር ይህንኑ ነገር በሌላ መልክ አገኘችው። በሁዳዴ ከሥራ ስትወጣ «የጾም ነው» ብለው የሥራ ጓደኞቿ ፊሌ ኦ ፊሽ ገዙላት። ገልጣ ብታይ ከዓሣው ላይ ግማሽ ቁራጭ አይብ ተቀምጧል። አይቡ ይውጣልኝ ማለትን ተማረች፤ ቀጥሎ ደግሞ ነጩ ሶስ እንቁላል እንዳለበት ነገሯት፤ እርሱም ይውጣልኝ አለች። በመጨረሻ በእጇ የቀረው ደረቅ ዳቦና ዓሣ ነው። ዓሣውስ ቢሆን! ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በአገራችን ምን ያህል እንደቆየ አንባቢ ያውቀዋል፤ መምህራን ይከለክላሉ፣ የከተማው ምግብ ቤት ግን «የጾም ዓሣ» ብሎ ይጽፋል። እኅታችን አሁን በሁዳዴ ምሳዋን ከቤቷ ትይዛለች። ኩባንያው የሰማው በሞንፎርት ሃይትስ የነበረውን ጾም እንጂ የእኛን አይደለም ብንል ማማረር አይሆንም፤ በአንድ ሰፈር በቂ ሰው ሲጾም ወጥ ቤቱ ይሰማል፤ ጥቂት ሰው ሲጾም አይሰማም።

የሕዝብን የቀን አቈጣጠር ተከትለው የሚመጡ ሌሎችም ምግቦች አሉ። የአየርላንድ ሰዎች የቅዱስ ፓትሪክን በዓል በማርች 17 ሲያከብሩ የሚሸጠው ሻምሮክ ሼክ የተባለ አረንጓዴ የወተት መጠጥ ከ1970 ጀምሮ የታወቀ ነው። በጃፓን ሰዎች በመከር ወራት ሙሉ ጨረቃን የማየት የቆየ ልማድ ስላላቸው የዚያ አገር ማክዶናልድስ ከ1991 ጀምሮ በየመከሩ ጹኪሚ የሚባል በርገር ያወጣል፤ በውስጡ ያለው እንቁላል ጨረቃዋን እንዲመስል ነው። እነዚህን ምግቦች ቀን የሚያውቃቸው ሰው መቼ እንደሚመጡና መቼ እንደሚሄዱ ያውቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንሻገር። ይህ ዓይነት የማንንም በዓል ወይም ጾም የማይከተል፣ ቀኑን ኩባንያው ብቻ የሚያውቀው ነው። ምሳሌውም ማክሪብ ነው።

ማክሪብ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ተጠፍጥፎ የጎድን አጥንት ቅርጽ እንዲይዝ ተደርጎ፣ ባርቤኪው በሚባለው ጣፋጭ ሶስ ተነክሮ፣ ከሽንኩርትና በኮምጣጤ ከቆየ ኪያር ጋር በረዘም ያለ ዳቦ ውስጥ የሚቀርብ ነው። አጥንት የሚመስለው ሁሉ ሥጋ ነው፤ አጥንት የለበትም። ትንንሽ የሥጋ ቁርጥራጮችን አያይዞ እንደ ሙሉ ሥጋ የማድረጉ ጥበብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሮጀር ማንዲጎ ምርምር ብዙ ተሻሽሏል፤ የአሳማ አርቢዎች ማኅበርም ምርምሩን ደግፏል። ምግቡን ለኩባንያው ያዘጋጁት የሉክሰምበርግ ተወላጅ የሆኑት የወጥ ቤት አለቃ ረኔ አረንድ ናቸው። እርሳቸው እንደተናገሩት ቀደም ብለው ያወጡት የዶሮ ቁራሽ፣ ማክናጌት፣ ከታሰበው በላይ ስለተፈለገ ለሁሉም ቅርንጫፍ የሚበቃ ዶሮ ጠፋ፤ ዶሮ ላልደረሳቸው የሚሰጥ ሌላ አዲስ ነገር ስላስፈለገ ማክሪብ ተሠራ። ይህም በ1981 ነው።

ማክሪብ በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ምግብ ዘወትር እንዲሸጥ ታስቦ ነበር። አልተሳካም፤ በ1985 ከዝርዝሩ ወጣ። ዝናው የመጣው ከወጣ በኋላ ነው። በልዩ ልዩ ጊዜ፣ በልዩ ልዩ ክፍለ አገር እየተመለሰ ይሸጥ ጀመር። በ2005 ኩባንያው «የስንብት ጉዞ» የሚል ማስታወቂያ አወጣ፤ በ2006 እንደገና ተሰናበተ፤ በ2007 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰናበተ። በ2010 በመላው አገር ተመልሶ ተሸጠ። በ2022 እንደገና የስንብት ጉዞ ተባለ፤ በ2023 በአንዳንድ ስፍራ ተመለሰ። በአገራችን እንዲህ ደጋግሞ የሚሰናበት እንግዳ ቢኖር ሻንጣውን የሚያነሣለት አይገኝም። በአሜሪካ ግን ማክሪብ በየትኛው ከተማ እንደታየ በካርታ ላይ እያመለከቱ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ሰዎች ተነሡ፤ ለአንድ ሣንድዊች ረጅም መንገድ የሚነዱም አሉ። ይኸው ምግብ በጀርመን አገር ዓመቱን ሁሉ ይሸጣል፤ ጀርመኖችም ስለ እርሱ ሲጨነቁ አልተሰማም።

ስለ ማክሪብ መምጣትና መሄድ አንድ የታወቀ ግምት አለ፤ ይኸውም ኩባንያው የሚያመጣው የአሳማ ሥጋ ዋጋ ሲወርድ ነው የሚል ነው። ኩባንያው አላረጋገጠውም፤ ነገር ግን የማይመስል ነገር አይደለም። ብዙ ሺህ ቅርንጫፍ ያለው ቤት አንድ ዓይነት ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲገዛ ገበያውን ራሱ ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ ዘወትር ከመግዛት ይልቅ ሲመቸው መግዛት ይጠቅመዋል። እንግዲህ «ለጥቂት ጊዜ ብቻ» የሚለውን ቃል ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይገባንም። አንዳንድ ጊዜ በእውነት ጥሬ ዕቃው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በእውነት መጥበሻው አንድ ብቻ ነው። ችግሩ ገዢው አንደኛውን ከሌላው ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው።

እጥረቱ ከልክ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ታሪክ እንጨምር። በ1998 ማክዶናልድስ ሙላን ከተባለው የሥዕል ፊልም ጋር ሴቿን የሚባል ሶስ ለጥቂት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በ2017 አንድ የቴሌቪዥን የሥዕል ፊልም ስለዚህ የተረሳ ሶስ ስላነሣ ብዙ ወጣቶች ይመለስልን አሉ። ኩባንያው በጥቅምት 7 ቀን 2017 ለአንድ ቀን ብቻ ለተመረጡ ቅርንጫፎች እጅግ ጥቂት ላከ። ለሰዓታት ተሰልፎ የዋለ ሕዝብ ባዶ እጁን ሲመለስ በአንዳንድ ስፍራ ፖሊስ እስኪጠራ ድረስ ጩኸት ሆነ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ በየካቲት 2018 ሃያ ሚሊዮን ያህል ፓኬት አቀረበ። ሃያ ሚሊዮን ከቀረበ በኋላ ግን ጩኸቱ ቀርቶ ወሬውም ቀዘቀዘ። በጥቅምት ሰው የተገፋፋለት ሶስና በየካቲት የቀረበው ሶስ በስም አንድ ነው፤ የተለየው ብዛቱ ነው።

በሰልፉ ፊት ቆሞ «የለም» የሚለው ሰው ሶሱን ያሳነሰው ሰው አለመሆኑንም ማሰብ ይገባል። በነሐሴ 2019 ፖፓይስ የተባለው ኩባንያ አዲስ የዶሮ ሣንድዊች አውጥቶ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ አለቀበት፤ በኅዳርም መለሰው። በዚያ ወራት የየቅርንጫፉ ሠራተኞች ምሳ ሳይበሉ ከእሳት ፊት ሲቆሙ እንደዋሉ በጋዜጦች ተጽፏል። በዋናው መሥሪያ ቤት ደስታ የሆነው ወረፋ ለመጥበሻው ሠራተኛ መከራ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ ታክሲው ጉዳይ እንመለስ። በ1975 ወርቸል፣ ሊና አደዎሌ የተባሉ ሦስት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ፈተና ለጥያቄያችን ቅርብ ነው። ተማሪዎችን እየጠሩ ከመስታወት ዕቃ ብስኩት እያወጡ እንዲቀምሱና ዋጋ እንዲሰጡት አደረጉ። ለአንዳንዶቹ በዕቃው ውስጥ አሥር ብስኩት ነበረ፤ ለሌሎቹ ሁለት ብቻ። ብስኩቱ አንድ ዓይነት ነው። ከሁለቱ አንዱን ያነሡት ተማሪዎች ወደ ፊት ቢሰጠን እንወዳለን፣ ዋጋውም ውድ መሆን ይገባዋል አሉ። ከሁሉ የበለጠ የፈለጉት ደግሞ መጀመሪያ አሥሩን አይተው በኋላ በሁለት የተተካባቸው ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሌሎች ሰዎች ስለፈለጉት ተወሰደ የተባሉት በስሕተት ተለወጠ ከተባሉት ይልቅ ፈለጉት። ይሁን እንጂ ጣዕሙ እንዴት ነው ተብለው ሲጠየቁ ጥቂቱ ብስኩት ከብዙው ይልቅ ይጣፍጣል አላሉም።

ይህን ባነበብን ጊዜ ሦስታችንም ተያይተን ሳቅን። ደብተራችን የሚለው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ በርገሩ በብዛት ነበረ፤ ቀጥሎ ጠፋ፤ የጠፋውም ሌሎች ሰዎች ስለበሉት ነው። ፍላጎታችን አደገ፤ ጣዕሙ ግን መካከለኛ እንደሆነ ቀረ። አንድ ሰው ምግብን መፈለጉና ምግቡን መውደዱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በመጽሐፍ ከማንበባችን በፊት በታክሲ ሒሳብ ተምረነዋል።

አንድ ጓደኛችን ግን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይቶ እንዲህ ሲል ተከራከረን፦ «የእኛስ ጾም ምን ልዩነት አለው? ሃምሳ አምስት ቀን ከሥጋና ከቅቤ ተከልክለን በፋሲካ ዶሮ ወጡ የሚጥመን ስለተከለከልን አይደለምን?» ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በችኮላ ልናልፈው አንወድም። አንድ ምእመን በዓመት ውስጥ 180 ያህል ቀን ይጾማል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥጋና ወተት በገበያ ሳይጠፉ ከገበታው ይርቃሉ። መናፈቅ በእርግጥ አለ፤ በቅበላ የሚበላውን ያየ ሰው ይህን አይክድም። ዳሩ ግን ሦስት ነገር ይለያል እንላለን። የሚመለስበት ቀን በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ማንም ሰው ፋሲካ ዘንድሮ ይመጣል አይመጣም ብሎ ካርታ አይመለከትም። ደግሞም የሚከለከለው ገዢው ራሱ በፈቃዱ ነው እንጂ ሻጩ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን በፋሲካ ሌሊት ዶሮው በየቤቱ በአንድነት ይበላል፤ ለጎረቤት ይደርሳል፤ የአንዱ ማግኘት የሌላውን ማጣት አይጠይቅም። ጓደኛችን የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ተቀብሎ ሁለተኛውን አልተቀበለም፤ በልጅነቱ የጾመው በእናቱ ፈቃድ እንጂ በራሱ እንዳልነበረ ተናገረ። እኛም በዚህ ልንመልስለት አልቻልንም።

የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች አሁን በሁለቱ መንገድ መካከል የቆሙ ይመስለናል። የጾም ፒዛ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ ዛሬ በከተማችን የተለመዱ ናቸው። እነዚህ የተወለዱት እንደ ሞንፎርት ሃይትሱ ዓሣ ከጾመኛው ፍላጎት ነው። ነገር ግን «እስከ ፋሲካ ብቻ» የሚለውን ማስታወቂያ ስናይ ቃሉ ከማን እንደተወሰደ እንጠራጠራለን። የጾም ቀን በፋሲካ አያልቅምና፤ በዓለ ኀምሳ ካለፈ በኋላ ረቡዕና ዓርብ ተመልሰው ይመጣሉ።

ስለዚህ ሰኔ በገባ ጊዜ ወደዚያ የበርገር ቤት ሄደን ባለቤቱን አነጋገርናቸው። ጋሼ፣ የምስሩን በርገር ረቡዕና ዓርብ ለምን አይሸጡትም ብለን ጠየቅናቸው። ነጋዴ ስለሆኑ ስለ ማስታወቂያ ጥበብ ይነግሩናል ብለን ጠብቀን ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ጓዳ ወስደው መጥበሻውን አሳዩን። አንድ ነው። በሁዳዴ ሥጋ የሚጠይቅ ሰው ስለሚያንስ መጥበሻውን አጥበው፣ ዘይቱን ለውጠው ለምስር ብቻ ያደርጉታል። በሌላው ወራት ግን ቀኑን ሙሉ ዶሮ ይጠበስበታል፤ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት የተጠበሰ ምስር ለጾመኛ ማቅረብ ደግሞ ነውር ነው አሉን። ለሁለት ቀን ብለው ዘይቱን በየሳምንቱ ቢደፉት ኪሣራ ነው። ሁለተኛ መጥበሻ ለመግዛት ዋጋ ጠይቀው ነበር፤ ውድ ሆነባቸው። በሆሣዕና ዋዜማ ያለቀውም ሆን ተብሎ ሳይሆን ምስሩ ስላለቀና የፈጫቸው ልጅ ለበዓል ወደ አገሩ ስለሄደ ነው።

ወረቀቱን አጥፈው በሒሳብ መዝገባቸው ውስጥ አስቀምጠውታል፤ በፍልሰታ መልሰው ይለጥፉታል። ቅመሙ እንደሚያንሰው ነገርናቸው፤ ጻፉት።